ሦስት ሚሊ

ይሄን ታሪክ ማንም አልነገረኝም። እኔው ላይ የደረሰ ነው... አሁንም አላለቀም።

የጀመረው ቀን ላይ ነው። ከቀኑ ሰባት ከአስር። ሁሉም ምሳ ወጥቷል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ወርክሾፓችን ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

ታላቅ ወንድሜ ሰርቨር ለሚባሉት ኮምፒውተሮች ትንሽዬ መደርደሪያ ሠርቷል። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ መሳቢያ በመሳቢያ ላይ እየተደረበ የምታድግ። ዲዛይኗን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቀቃት። ማንም ያወርዳታል፣ ያሻሽላታል። ለውጡን ወንድሜ ሲያጸድቀው፣ ማን ምን እንደቀየረ ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ሰው ሁሉ አበደላት። እማዬ ሰርቨር ምን እንደሆነ ሳይገባት "የኔ አንበሳ" ትለዋለች።

የመጀመሪያውን መሳቢያ የሳልኩት ግን እኔ ነበርኩ። ማን ያነሳዋል?

ቅናት አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ከፋይሉ አዲስ ሠርቶ ለእንግዶች ሊያሳያት ነው። ፋይሉን ከፈትኩ። የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎቹን በሦስት ሚሊ አጠበብኳቸው። ሦስት ሚሊ ብቻ... እንግዶቹ ፊት ግላ እንድትጠፋ።

ደወልኩለት።

"ማስተካከያ ልኬልሃለሁ።"

"አጸደቅኩት።"

"ሳታየው?"

"አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው? ምኑን ነው የማየው?"



ስልኩን ዘግቼ መዝገቡን ሳይ... ከኔ መስመር ስር ሌላ መስመር አለ። በኔ ስም።

"መስኮት፦ ሦስት ሚሊ ጠበበ።"

ዲዛይኑ ውስጥ መስኮት የሚባል ነገር የለም።

የወርክሾፑን መስኮት ልዘጋ ሄድኩ። አልገጥምም አለኝ። መዝጊያው ከፍሬሙ ሰፍቷል።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። መደርደሪያዋ ቀዝቃዛ አየር ትተፋለች። የጋልኩት እኔ ነኝ።

ሰባት ከአስር ሲል ሌላ መስመር። በማግስቱም ሌላ... ሚሊውም እየጨመረ።

"ይሄ መስኮት አልጠበበም?" አልኩት ወንድሜን።

ክንዱን እስከ ትከሻው ወደ ውጭ አወጣው። "ያው ነው። ምነው፣ ከሳህሳ?"

እኔ ስሞክር እጄ አንጓው ላይ ተቀረቀረ።

ለውጡን ለመመለስ የሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለምን አጠበብከው ይለኛላ።

ትናንት ልነግረው ቆረጥኩ።

"ስማ... አንድ ነገር..."

"ወንድምህ አይደለሁ? ንገረኝ እንጂ።"

ስልኩ ጠራ። እማዬ ናት። "የኔ አንበሳ!" ድምጿ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

ሳቀ። ወደኔ ዞረ። "እሺ፣ ምን ልትለኝ ነበር?"

"ምንም።"

ዛሬ መስኮቱ ጣቴን አያስገባም። ስሩ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። አየሩ ከብዷል። ቀዳዳ የምንለካበት ካሊፐር እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው... እያየሁት ነው።

ሰባት ከአስር ሆነ።

ከውጭ በኩል፣ በስንጥቋ ውስጥ፣ የሌላ ካሊፐር ሁለት ቀጫጭን ጥርሶች ቀስ ብለው ገቡ።

ለኩ...

ወጡ።