የአባዬን ፂም ማን ይላጫል?

ሰፈሩ ሁሉ «እጀ ወርቅ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ ከሚስቱና ከሽማግሌ አባቱ ጋር የሚኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ምላጭ አያያዝ ያስተማሩት አባቱ ናቸው። አሁን ግን ጉልበት ከድቷቸው ከአልጋቸው የሚነሱት ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ልጃቸው ደግፎ የሱቁ ወንበር ላይ ያስቀምጣቸውና ፂማቸውን ይላጫቸዋል። ከእሱ በቀር የማንም ምላጭ ጉንጫቸውን ነክቶ አያውቅም።

ግን ምን ያደርጋል! ባይፖላር የሚሉት ሕመም ይህን ተጫዋች ሰው አንዴ ሰማይ ያወጣዋል፣ አንዴ ከአልጋ መነሳት እስኪያቅተው ድረስ ይጥለዋል። ሐኪሙ አዲስ ክኒን ጀመረለት። ስሜቱ ረጋ፤ እንቅልፉ ተመለሰ። እጁ ግን... ያ ወርቅ የተባለ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ! ሐኪሙ «ካስቸገረህ ና፣ መጠኑን እናስተካክላለን። በራስህ ግን እንዳትነካው» ብሎት ነበር። ደንበኞቹ እየተሳቀቁ አንድ በአንድ ሸሹ። ይህንንስ ቻለው። አንድ ቅዳሜ ምላጩ አዳልጦት የአባቱን አገጭ ቆረጠ። ደሙ በነጩ አረፋ ላይ ሲወርድ አይቶ ክው አለ።

«ምንም አይደል ልጄ፣ ጥጥ ያዝበት» አሉ አባት። ጥጡ ቀላ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንም ሳይናገር ክኒኑን ለሁለት ይከፍለው ጀመር፤ ግማሹን ይውጣል፣ ግማሹን ይጥላል። ብዙም ሳይቆይ እጁ ረጋ። ሚስቱ «ተመስገን! ዳንክልኝ!» ብላ አቅፋ ሳመችው። ምስኪን! በምን ትወቀው? እጁ ሲረጋ ልቡ መቅበጥበጥ መጀመሩን ማን ይንገራት? መተኛት ተወ። ሳይጠይቁት ያወራል፣ ወሬው ሳያልቅ ሌላ ወሬ ይጀምራል፤ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ይወጣል፣ ይገባል። ሱቁን ቀይ ቀባው፤ ሳይደርቅ ሰማያዊ ደገመበት። መስታወቱን ነቅሎ ለመንገደኛ ሸለመ። ሚስቱ ልትይዘው ብትሞክር ገፍትሯት ሮጠ። በመጨረሻ ጎረቤት ተረባርቦ ሆስፒታል አስገባው።

ቅዳሜ መጣ፣ ሄደ። ሌላም ቅዳሜ... የሽማግሌው ፂም አደገ። ምራታቸው እንባዋን እየዋጠች «አባባ፣ ሌላ ሰው ልጥራልዎት?» ስትላቸው «ልጄ ይመጣል» ብቻ ይሏታል። ትንፋሻቸው ግን በየቀኑ እያጠረ ነበር።

መጣም! ሐኪሙ መጠኑን አስተካክሎለት፣ ከስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። እጁ አሁንም ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አባት ገና ሲያዩት ወንበሩ ላይ አስቀምጠኝ አሉ።

«አባዬ፣ እቆርጥሃለሁ...»

«ቁረጠኛ! ደም እንደሆነ ይደርቃል። አንተ ስትጠፋብኝ ነው ያልቻልኩት። ክኒንህን ዋጥና ላጨኝ።»

ዋጠ። አረፋውን ቀባቸው። አባት ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። ትንፋሹን ይዞ፣ አንዱን ጉንጭ እየተንቀጠቀጠ ላጨ። አገጫቸው ላይ ሲደርስ ምላጩ አዳልጦት ቆረጣቸው። «ይቅርታ አባዬ! ይቅርታ!» እያለ ጥጡን ተጫነ። መልስ የለም። ጥጡን አነሳው... ጥጡ እንደነጣ ነው! የአባቱም ትንፋሽ ቆሟል።

ይህ ሁሉ መከራ የመጣው ያችን የደም ጠብታ ላለማየት አልነበረም? ምነው ዛሬ በደማ! ምነው ጥጡ እንደዚያን ቀን በቀላ! ዕጣ ፈንታ እንዲህ ነው የሚጫወትብን፤ የሸሸነውን ነገር አንድ ቀን እየለመንን ያሳጣናል።

ሚስቱ እያለቀሰች ክንዱን ያዘችው። እሱ ግን ምላጩን አጥቦ ወደ ሁለተኛው ጉንጭ ዞረ።

«ቆይ» አላት፤ «አልጨረስኩለትም።»