የቀኝ ጎኑ ሲሊንደር

መርማሪዋ የተጠራችው ሰውየው በሞተ በሦስተኛው ቀን ነው። አስከሬኑን አይታ ምንም አልተሰማትም፤ ከስንት ዓመት ወዲህ አይሰማትም። የቀራት ማየት ብቻ ነው።

በውሃ ጠላቂዎቹ ዕቃ ክፍል የሟቹ ሁለት የአየር ሲሊንደሮች ጠረጴዛ ላይ ተጋድመዋል። በጀርባ የሚታዘሉ አይደሉም፤ በግራና በቀኝ ብብት ሥር ይታሰራሉ፤ ጠላቂው እየቀያየረ ከሁለቱም ይተነፍሳል። ሟቹ ገና አምስተኛ ትምህርቱ ላይ ነበር።

«የግራው ባዶ ነው፤ የቀኙ ሙሉ፣ መክፈቻው ግን ዝግ» አለ አሰልጣኙ። «ሳይከፍተው ገባ። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ ዞር ስል አልቆለታል።»

«ዕቃውን ማን አሰናዳለት?»

«እኔ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም። «መክፈቱ ግን የእሱ ፈንታ ነበር። ወንድሜ ዝንጉ ነው።»

የሟቹ ሚስት ጥግ ተቀምጣ ወለሉን ታያለች።

«ከውሃ ሲወጣስ ማን ምን ያደርግ ነበር?»

«እኔ ደረቱን እጫን ነበር» አለ አሰልጣኙ።

«እኔ ጭንቅላቱን ደግፌ ይዣለሁ» አለች ሚስቱ። «ዕቃውን ወንድሙ ወደዚህ አስገባው።»

«ወንድሙ ሲወጣ ክፍሉን ቆለፍኩት» አለ አሰልጣኙ። «ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባም።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሁለቱንም ሲሊንደር የአፍ መተንፈሻ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ሦስቱንም ወደ ጠረጴዛው ጠራቻቸው።

«የቀኙን ግፊት መለኪያ እዩት፤ ሁለት መቶ ይላል፤ ሙሉ ማለት ነው። መለኪያው የሚያነበው ከመክፈቻው አልፎ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ነው። ከመጀመሪያው ሳይከፈት ቢቀር ዜሮ ይል ነበር። ውሃ ውስጥ ቢዘጋም፣ ሟቹ አንዴ ሁለቴ ሲስበው ወደ ዜሮ ይወርዳል። ስለዚህ የተዘጋው ከሞተ በኋላ ነው።»

አሰልጣኙ መለኪያውን ትክ ብሎ አየው።

«ታዲያ ክፍት ከነበረ ለምን አልተነፈሰም?»

«በአፍ የሚነከሰውን ጎማ እዩ። የግራው የጥርስ ምልክት አለው። የቀኙ ግን አራት ትምህርት ሙሉ ተነክሶ አንድም ምልክት የለውም፤ አዲስ ነው። የድሮው ውሃ ውስጥ ወልቆ ቀርቷል። መቀያየሩን ገና ስላልለመደ ከግራው ብቻ ተነፈሰ፤ የግራው አየር ሲያልቅ ወደ ቀኙ ዞረ፤ አየር እስባለሁ ሲል ውሃ ሳበ። ከዚያ አንድ ሰው አዲስ ጎማ አሰረና መክፈቻውን ዘጋ። ከዕቃው ጋር ብቻውን የቀረው አንድ ሰው ነው።»



«ጠዋት ጎማውን ላጥበው አውልቄው ነበር» አለ ወንድምየው። «ስልክ ተደወለ። መለስ ብዬ ገጠምኩት፤ ማሰሪያውን ሳላጠብቀው ቀረሁ። እናታችን ታናሽየው ገደለው ከምትል፣ ራሱ ረሳው ብትል ይሻላል ብዬ ነው።»

ሚስቱ ቀና አለች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም።

«ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጠህ ዝንጉ ነበር እያልክ አጽናናኸኝ። እኔም አመንኩህ። ሬሳው አጠገብ ቆሜ ለምን ረሳህ ብዬ ተቆጣሁት።»