ቄንጤ የሠራችው ሰዓት

አባቷ የጓደኛዋን የቄንጤን ሰዓት ከጠረጴዛው ላይ አነሳና መዳፉ ላይ አገላበጠው። ወደ መስኮቱ ወስዶም በብርሃን አየው። የልጁን የእሷን ግን አንዴ አንስቶ፣ «ጎበዝ» ብሎ፣ ወዲያው ነበር የመለሰው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ይህን ስታይ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

የእጅ ሥራ መምህርቷ ለክፍሉ የሰጠችው ሥራ ለባሕር ጠላቂ የሚሆን የእጅ ሰዓት ነድፎ በካርቶንና በፕላስቲክ ሞዴሉን መሥራት ነበር። ለዳኝነት ደግሞ እውነተኛ ጠላቂ ጋበዘች፤ የዚህችኑ ልጅ አባት። አባቷ ወደቡ ላይ ነው የሚሠራው፤ ውሃ ውስጥ እየገባ የመርከብ ሆድ ይጠግናል፣ የመርከብ ማቆሚያውን ምሰሶዎች ይፈትሻል። በዚህም የተነሳ የክፍሉ ልጆች እሷን «ጠላቂዋ» ብለው ነው የሚጠሯት። ሥራው የታዘዘ ዕለት ሁሉም ዞረው አይተዋታል። እሷም ብትሆን ገና እርሳስ ሳታነሳ አሸናፊ መሆኗን በልቧ ጨርሳዋለች።

ይህን ማሰቧም ያለ ምክንያት አልነበረም። ጠላቂ ምን ዓይነት ሰዓት እንደሚያስፈልገው ከሕፃንነቷ ጀምሮ እራት ላይ ስትሰማ ነው ያደገችው። ቁጥሮቹ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ መነበብ አለባቸው። መዘውሩ ጓንት ላጠለቀ እጅ መመቸት አለበት። ማሰሪያውም ከወፍራሙ የጎማ ልብስ በላይ መድረስ አለበት። አንዱንም ሳታስቀር ሠራችው። ብቻ ሲያልቅ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን መሰለ። ቢመስልስ፣ ውሃ ውስጥ ማን ያየዋል ብላ ተወችው።

ቄንጤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ዋና አትችልም፤ ፊቷን ስትታጠብ እንኳ ውሃ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ቤቱን በጩኸት የምታናጋ ልጅ ናት። ግን የነካችው ነገር ሁሉ ያምርላታል። ሌላው የሚለብሰውን ዩኒፎርም እሷ አንገትጌውን እጥፍ አድርጋ ስትለብሰው ከሱቅ ዛሬ የወጣ ይመስላል። ሰዓቷም እንደሷ ነበር፤ ገጹ ጥልቅ አረንጓዴ፣ ቆጣሪ ዘንጎቹ እንደ ሣር ቅጠል የቀጠኑ፣ መስታወቱን የከበበው ቀለበት የመዳብ ቀለም የተቀባ።

አባቷ ከመስኮቱ ተመልሶ፣ «ይኼኛው» አለ።

ክፍሉ አጨበጨበ። ቄንጤ ከሁሉ አስቀድማ ወደ እሷ ሮጣ አቀፈቻት። እሷም አቀፈቻት፤ ክንዷ ግን እንጨት ሆነባት።

 ቤት ገብተው ጫማውን ሲያወልቅ ግን አላስቻላትም፤ የቄንጤ ቁጥሮች ደፍርሶ ባደረ ውሃ ውስጥ ጨርሶ እንደማይታዩ ነገረችው። እሱም አልካደም። ቀለም ነው፣ ይስተካከላል አላት። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ አንድ ጊዜ አድሎት ስለነበረው ሰዓት አጫወታት። የጎደለው ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን በደረሰበት ሁሉ ይያዛል፣ ሲያዩትም ያስጠላል። ሁለት ቀን አድርጎት መሳቢያ ውስጥ ወረወረው፤ ጓደኞቹም እንዲሁ።

«መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሰዓት ማንንም አያድንም» አላት። «ሰው ከእጁ የማያወልቀው የወደደውን ነው። ያንቺ ዕውቀት አለው፣ የኔ ልጅ። ግን እኔ ራሴ አላደርገውም። አልዋሽሽም።»

ቢዋሻት በወደደች። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኼ ነው፤ አባት የራሷ፣ ዕውቀቱ የራሷ፣ ጭብጨባው የቄንጤ።

አሸናፊው ሞዴል የከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ወደሚካፈሉበት ኤግዚቢሽን እንደሚሄድ ታወቀ። መምህርቷም ቄንጤን ቀለበቱ ተለጥፎ ከሚቀር በእውነት እንዲሽከረከር አድርጊው አለቻት። ቄንጤ ከትምህርት በኋላ እየቀረች ለፋችበትና አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ይዛው መጣች። ቀለበቱን ወደ ግራ አዞረችው፤ ወደ ቀኝ አዞረችው። ቅቤ ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር።

ጠላቂዋ ስህተቱን ለማየት ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። ጠላቂ ውሃ ሲገባ የቀለበቱን ምልክት ከደቂቃ ዘንጉ ጋር ያገጥምና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ከቀለበቱ ላይ ያነባል። ቀለበቱ ወደ ግራ ብቻ ነው መዞር ያለበት። አንድ ነገር መትቶት ወደ ግራ ቢሄድ ሰውየው ጊዜዬ አለቀ ብሎ ቀድሞ ይወጣል፤ ሌላ ጉዳት የለውም። ወደ ቀኝ ከሄደ ግን አየሩ እያለቀ ሰዓቱ ገና ነው ይለዋል።

«የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለቻት ቄንጤ። «የጎደለው ነገር አለ?»

«ምንም። ፏ ብሏል።»

ቄንጤ በደስታ ጉንጯን ሳመቻት።

ዝም አይነቅዝም አለች ለራሷ። ደግሞስ የጠላቂ ሰዓት እሠራለሁ ያለ ሰው የጠላቂን ነገር ማወቅ የለበትም? የኤግዚቢሽኑ ዳኛ ቀለበቱን ወደ ቀኝ ሲያዞረው፣ ፈገግ ሲል፣ ከዚያ «ጎበዝ» ብሎ ሲያስቀምጠው በዓይነ ኅሊናዋ ታያት። ሐሳቡ ጣፋጭ ነበር። እንደ ከረሜላ ወዲያና ወዲህ እያደረገች ስትመጠው ሰነበተች።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሲል፣ አንድ ቀን አባቷ ከሥራ ቶሎ ገብቶ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ እራት ቀረበ። በጨዋታ መካከል ስለ ቄንጤ ሰዓት አነሳ። አብሮት ለሚጠልቀው ባልደረባው ሲያወራለት፣ ሰውየው የት ነው የሚሸጠው ብሎ ድርቅ አለበት። እናቷ ሳቀች።

«እውነተኛው ተሠርቶ ቢሆን» አለ አባቷ፣ የግራ እጁን አንጓ እያሻሸ፣ «በማግስቱ አድርጌው እገባ ነበር።»

ማኘኳን አቆመች። አባቷ ድፍርስ ውሃ ውስጥ፣ ምሰሶው ሥር ታያት። እጁ ምሰሶውን ይመታል፤ የመዳብ ቀለም ያለው ቀለበት ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። አባቷ ሰዓቱን ያያል። ስለወደደው ያምነዋል። ገና ጊዜ አለኝ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ካርቶን እኮ ነው፣ ካርቶንና ፕላስቲክ፣ አለች በልቧ። ቢሆንም ትሪውን ገፋ አደረገች።  ከዚያ ተነሥታ ጫማዋን አደረገች። እናቷ ወዴት እንደሆነ ስትጠይቃት ቄንጤ ቤት ደርሼ ልምጣ አለች።

በሩን የከፈተችው ራሷ ቄንጤ ናት፤ ጣቶቿ ቀለም ነክቷቸዋል።

«ምንም አልጎደለውም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ቀለበቱ ወደ ቀኝ መዞር የለበትም» አለቻት፣ ሳትገባ።

ቄንጤ ጣቶቿን እየጠረገች አየቻት። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያኔውኑ።»

ለምን ብላ አልጠየቀቻትም። ቢሆንም ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። ከበሩ ዞር ብላ አሳለፈቻት እንጂ ግቢ አላለቻትም።

ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጠላቂዋ ከቀለበቱ ሥር እንደ መጋዝ ያለ ጥርስ እንደሚያስፈልግ፣ ከጥርሱ ላይ የምታርፍ ቀጭን ፕላስቲክ ደግሞ ቀለበቱን ወደ አንድ ወገን አሳልፋ ወደ ሌላው እንደምትይዘው አሳየቻት። ቄንጤ በመቀስ ቆረጠች፣ እሷ ለጠፈች። ሙጫውን አቀብዪኝ ከመባባል በቀር አልተነጋገሩም። ውጭው መጨላለም ሲጀምር ቀለበቱ ወደ ግራ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ዞረ። ወደ ቀኝ ቢገፉት እንቢ አለ።

ቄንጤ ሰዓቱን እጇ ላይ አስራ አምፖሉ ሥር ዘረጋችው። ከበፊቱ ይልቅ አምሮ ነበር። ጠላቂዋ አየችው፤ ያ ቅናቷ እንደገና ቅጥል አለ። አልበረደም፣ የሚበርድም አይመስልም።

ቢሆንም ቀለበቱን በጣቷ ወደ ቀኝ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። «አንዱ ጥርስ ላላ ብሏል» አለችና እጇን ዘረጋች። «አምጪው፣ ላጥብቀው።»