ቀይ ያልተነከረበት ሳምንት

ሟቹ አልጋው ላይ ተጋድሟል። እጅ እግሩን ጠቆር ያለ ቀይ ነጠብጣብ ሞልቶታል፤ የግራ ክንዱ ቆዳ ደግሞ ተፈትጎ ተልጧል። እህቱ ገና ከበሩ ላይ ሆና፣ ወደ ሚስቱ እየጠቆመች፣ «ቀጥቅጣ የገደለችው እሷ ናት» አለች።

ሚስቱ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ የአንጀት ሕመሙ በተነሣበት ቁጥር አስታማው፣ ዛሬ ነፍሰ ገዳይ ተባለች። ጉድ እኮ ነው። ከታሰረች የአራት ዓመት ልጇን ማን እንደሚይዝላት ብቻ ነበር የምታስበው።

መርማሪው መቸኮል የማያውቅ ሰው ነው። የሟቹን ካልሲ ዝቅ አድርጎ ላስቲኩ ያረፈበትን ቦታ ትክ ብሎ አየ።

«ክንዱን ማን ፈተገው?»

«እኔ» አለች ሚስቱ። «ቀለም ነው አለኝ። የሚሠራው ጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ስለሆነ ሁሌም ተዥጎርጉሮ ነው የሚመጣው። እሁድ በሳሙና አሸሁት፤ አልለቅ አለኝ።»

«ሽንቱስ?»

«ቀልቶ አይቼ ደንግጬ ነበር። ቀይ ሥር በልቼ ነው አለኝ።»

የማቅለሚያ ቤቱ አለቃ፣ ቀለሙ መረዘው እንዳይባል ሰግቶ፣ በርሜሎቹን አንድ በአንድ አሳየ።

«ቀይ ከነከርን ወር አልፎናል። ሰማያዊ ብቻ ነው የሠራነው።»

«ሟቹ ይህን ያውቅ ነበር?»

«በርሜሉን የሚያጥበው እሱ አይደል እንዴ?»

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ሚስቱን፣ እህቱንና አለቃውን ሳሎን ውስጥ ሰበሰባቸው።

«የተመታ ሰው ሰንበር ይወጣበታል» አለ። «እዚህ ግን ሰንበር የለም። ነጠብጣቡ የበዛው ካልሲው ጠበቅ ባደረገው ቦታ ነው፤ ከውስጥ የፈሰሰ ደም ነው። የአስከሬን ምርመራውም መርዝ አላገኘም። ይህ የአንጀት ሕመም፣ በጣም ጥቂት ሰው ላይ፣ ደምን ያውካል። ደሙ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ይረጋል፤ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል። ሐኪሙ፣ ሟቹ ብቻውን ሊታይ በሄደበት ቀን፣ ‹ነጠብጣብ ወይም ቀይ ሽንት ካየህ በዚያው ዕለት ና› ብሎት ነበር። ሟቹ ግን ቀለም አለመሆኑን እያወቀ ቀለም ነው አለ።»

«ለምን?» አለች እህቱ።

መርማሪው ከሟቹ ኮት ኪስ ያገኘውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሟቹ ራሱ ያስያዘው የሐኪም ቀጠሮ ነው፤ ለዓርብ ጠዋት። የሞተው ዓርብ ሊነጋ ሲል ነው።

«ሐሙስ ምን ነበር?»

«ፈተናዬ» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «የመምህርነት ፈተናዬ። ሁለቴ አምልጦኛል። ሁለቴም እሱ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳስታምመው ነው።»

እህቱ አጠገቧ ሄዳ ቁጭ አለች። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ሚስቱ ወረቀቱን አንስታ ቀኑን ደግማ አነበበች።

«ሐሙስ ማታ፣ እንዴት ነበር አለኝ። ጥሩ ሠርቻለሁ አልኩት። ‹እንግዲህ ነገ የእኔ ተራ ነው› ብሎኝ ተኛ። ምን ማለቱ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁትም።»