የሰላሁዲን የኋላ ጎማ

ሳዲያ ሰፍዋንን መጀመሪያ ያየችው ሲወድቅ ነው። ሲያትል ውስጥ ሬኒየር አቬኑ ላይ አውቶቡስ እየጠበቀች ሳለ፣ አንድ ቀጭን የሐበሻ ልጅ ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ ከነሞተር ሳይክሉ ተንሸራቶ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ሮጣ ልታነሳው ሲገባት ሳቀች። ሳቋ ደግሞ አንዴ ከጀመረ የሚቆም ዓይነት አይደለም።

«ሶ፣ ስትስቂ ልትውዪ ነው ወይስ ሄልፕ ታደርጊኛለሽ?» አላት ጉልበቱን እያሻሸ። «ሞቼ ቢሆንስ?»

«የሞተ ሰው እንዲህ አይነጫነጭም!»

እሱም ሳቀ። አውቶቡሷ መጥቶ ሄደ፤ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ጉዳቱ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የኋላው ጎማ ቸርኬ ተጣሟል፣ ቸርኬውን የሚወጥሩት ሽቦዎች፣ ራጂዎቹም፣ ተበጣጥሰዋል። ሞተሩ ያረጀ በመሆኑ ልኩ የሆነ ጎማ ከሲያትልም ከታኮማም ጠፋ። ሰፍዋን የሚሠራው ታኮማ ወደብ ነው፤ አውቶቡስ ሳይጀምር መግባት አለበት። ያለ ሞተር ሥራው አይዘልቅም፣ ሥራ የሌለው ጎረምሳ ደግሞ ሽማግሌ ልኮ ሚስት ልጠይቅ ቢል መሳቂያ ይሆናል። ከዚያ ቀን ወዲህ እየተገናኙ ተዋደው ሁለቱም ቶሎ መጋባት ፈልገው ነበር፤ ጭንቀታቸው ይኸው ነበር።

እነሳዲያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ግን አንድ ሞተር ቆሟል። የታላቅ ወንድሟ የሰላሁዲን ነው። ሰላሁዲን በደም ካንሰር ሲያርፍ እናቷ ወይዘሮ ሃዲያ ልብሱን ሁሉ ሰደቃ ሰጡ፤ ሞተሩን ግን በነጭ አንሶላ ሸፍነው፣ የለቅሶውን ወንበሮች አጠገቡ ደርድረው፣ ጋራዡን ቆለፉት። ከዚያ ወዲህ እሳቸውም ረግጠውት አያውቁም።

«የወንድሜ ሞተር እኮ የአንተው ዓይነት ነው፤ ትንሽ አዲስ ነው እንጂ» አለችው ሳዲያ። «ጎማው አይሆንህም?»

የሰፍዋን ፊት ተለወጠ። «የሟች ዕቃ ነው። እናትሽ ሳይፈቅዱ አልነካውም።»

«ጠይቄያታለሁ። ይውሰደው ብላለች።»

አልጠየቀችም። ብትጠይቅ እምቢ እንደሚሏት እርግጠኛ ነበረች፤ አንሶላውን የሚገልጥ ስለሌለ ማንም አያውቅም ብላ ነው። ሰፍዋን ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ለማያውቁት ሰው ይህን ያህል? አላህ ይክፈላቸው» አለ። ሳዲያ እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ደስታውን ስታይ መልሳ ዘጋችው።

እናቷ ሥራ ሲሄዱ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ጎማውን ሰጠችው። በቦታው እንጨት ደግፈው አንሶላውን መለሱ።

የሰላሁዲን ጎማ ዝም ብሎ የሚገጥም አልነበረም። በመሃሉ የሚያልፈው ብረት ከአሮጌው ይወፍራል፣ ወርዱም ሌላ ነው። ሰፍዋን ኩሽኔታዎቹን በአሮጌው ብረት ልክ ቀየረ፤ ግራና ቀኝ ክፍተቱን የሚሞሉ ቀለበቶችም አስቀረጸ። የቀረው የኋላው ከፊተኛው ጋር በአንድ መስመር መሄዱን ማየት ነበር፤ ካልሆነ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና መንገድ ላይ ይበጠሳል። ለዚህ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ክር ይወጠራል። እሱ ከኋላ፣ እሷ ከፊት ተንበርክከው ያዙ።

«አትተንፍሺ» አላት።

«ምነው?»

«ክሩ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«በእኔ በኩል ደህና ነው። የራስህን እጅ እይ።»

እጁን አየ። እውነቷን ነው፣ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነበር። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ከዚያ ማንም ስለ ክሩ አላነሳም። ሳዲያ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ተደስታ አታውቅም። በከተማው ሐይቅ ዳር በሞተሩ ወገቡን ይዛ ስትሄድም ውሸቷ ትዝ አላላትም።

«ሐጂ ዓብዱልፈታህን ሽማግሌ አድርጌ እልካለሁ» አላት ሞተሩን ፓርክ አድርጎ።

«መቼ?»

«በሚመጣው እሑድ። ኦኬ በዪኝ።»

«ኦኬ» አለች፤ ደግማም «ኦኬ» አለች።

እሑድ ዕለት ሳዲያ ፌደራል ዌይ የምትንከባከባቸው አሮጊት ዘንድ ውላ ቤቷ ስትደርስ፣ ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮች ተደርድረው አየች። ጋራዥ ውስጥ የነበሩት የለቅሶው ወንበሮች ናቸው። ለእንግዳ ወንበር እንደሚያስፈልግ፣ ወንበሩም የት እንዳለ እንዴት ሳታስብ ቀረች?

ወይዘሮ ሃዲያ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። «እጅሽን ታጠቢና ሻይ አፍዪ» ብቻ አሉ።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ቆሙ። ሰፍዋን እንደ ወጉ አልገባም፤ ውጭ ሞተሩን ተደግፎ ይጠብቃል።

«ወይዘሮ ሃዲያ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ቆመናል» አሉ ሐጂ ዓብዱልፈታህ። «እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

«አሳርፌ ባናግራችሁ ደስ ባለኝ። አስቀድሞ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የሟቹ ልጄ ሞተር የኋላ ጎማ የለውም። በልጃችሁ ሞተር ላይ ተገጥሞ በመስኮት አየሁት። ማን ሰጠው?»

ወይዘሮ ሃዲያ ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ።

«ሳዲያ!»

ሳዲያ የሻዩን ትሪ እንደያዘች ወጣች።

«የወንድምሽን ጎማ ማን እንዳወጣው ታውቂያለሽ?»

ሁሉም አዩዋት። እኔ ነኝ ብትል ውሸታም፣ የሞተ ወንድሟን ዕቃ የሰረቀች መባሏ ነው፤ ያውም በእነዚህ ሰዎች ፊት። ፈራች።

«አላውቅም» አለች።

ሐጂ ልጁን ሊጠይቁ ወጡ። ሳዲያ በመስኮት ታያቸዋለች። ሲነግሩት ሰፍዋን ግር አለው፤ እናትዮዋ ፈቅደዋል ተብሎ የለ! ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። መጋረጃው አጠገብ አገኛት። ረጅም ጊዜ አያት፤ መዋሸቷ ገብቶታል። ከዚያ ለሐጂ የሆነ ነገር ተናገረ።

ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። «ማንም አልሰጠኝም፣ ራሴ ነኝ ይላል። ለሌባ ሽማግሌ ሆኜ አላውቅም ወይዘሮ ሃዲያ። ይማሩን።»

ሞባይል በየኪሱ ያልገባበት ጊዜ ቢሆንም ወሬው ከሰዎቹ ቀድሞ ታኮማ ደረሰ። ሰፍዋን የሟች ዕቃ የሚሰርቅ ተባለ። እሱ መስጊድ ሲገባ የገዛ ጫማውን የሚሸሽግ ሰው አልጠፋም። ሳዲያ ይህን ሁሉ እየሰማች አለቀሰች፤ ማልቀስ ደግሞ ከመናገር ይቀላል።

በሳምንቱ ሰፍዋን ጎማውን በጓደኛው መኪና ጭኖ መጣ። ወይዘሮ ሃዲያ ጋራዡን ከፈቱለት። ኩሽኔታዎቹን አውጥቶ የሰላሁዲንን መልሶ ከተተ፣ ብረቱን አሳለፈ፣ ካቴናውን አጠለቀ፣ ዳዶውን አጠበቀ። እናትና ልጅ ቆመው ያዩታል። ረጅም ሥራ ነው፤ ቃል ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበረ። በመጨረሻ አንሶላውን ራሱ አለበሰው።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«ይቅር ብያለሁ ልጄ። አሁን ወዴት ነህ?»

«ነገ አላስካ። ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ልሠራ።»

ሳዲያን ቀና ብሎ አላያትም። ወጣ።

ወይዘሮ ሃዲያ በሩን እየቆለፉ «የዚህ ጋራዥ ቁልፍ ሁለት ብቻ ነው» አሉ። «አንዱ እኔ ጋ ነው።»

ሳዲያ ደነገጠች። «ታውቂ ነበር?»

«ወንበር ላወጣ የገባሁ ጊዜ ነው ያወቅሁት። ጎማ ምን ያደርግልኛል? ሰላሁዲን ቢኖር ራሱ ፈትቶ ይሰጠው ነበር። ልድርሽ ቆርጬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልይ አልኩ፤ ትቆሚለት እንደሆነ። ያን ቀን እኔ ነኝ ብትይ እዚያው እመርቃችሁ ነበር። ዛሬም ዳዶውን እስኪያስር ጠበቅሁሽ።»

«እሱ ምን አጠፋ እማዬ? ሌባ ሲባል ዝም አልሽ!»

«አንቺም ዝም አልሽ።»

ሳዲያ በባዶ እግሯ ወጥታ ሮጠች። መኪናው ከመንገዱ ጥግ ሳይታጠፍ ደረሰችበትና መስኮቱን ደበደበች። ሰፍዋን መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

«ምነው ሳዲያ? ግቢ፣ ይበርድሻል።»

ድምፁ ቁጣ የለበትም። ያ ተስፋ ሰጣት።

«እማዬ ታውቅ ነበር! እኔ እንደሰጠሁህ ታውቅ ነበር ሰፍዋን! እኔ ነኝ ብል ኖሮ ትድረን ነበር፤ አሁን ነገረችኝ!»

«ምን አልሽ?»

ደስ የሚል ዜና የምትነግረው መስሏት ቀስ ብላ ደገመችለት። አንዲት ቃል ብቻ ትበቃ እንደነበር ነገረችው።

ሰፍዋን ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ ይቅር ያልኩሽ እኮ» አለ፣ «ያን ቀን ብትናገሪም ለውጥ የለውም ብዬ ነበር።»

መስታወቱን መለሰና ጓደኛውን እንሂድ አለው።