ዋሻ ያልገባው ረጅም ሰይፍ

ዲሪርሳ ገርባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቤታቸው ሰበታ ነው፤ ከጅማው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። አባቱ ኦቦ ገርባ ያርሳሉ፤ ከብትም ያረባሉ። ዲሪርሳ ጥሩ ልጅ ነው። ሲልኩት ይሄዳል፣ ትምህርቱን ያጠናል፣ እሁድ እሁድም እንደ እናንተ እዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት ይመጣል። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ክንዱን በጣም ይወድ ነበር።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ጠዋት ሲነሳ ክንዱን አጥፎ ያያል። ፊቱን ሲታጠብ ያያል። ቁርስ ላይ በቀኙ እየጎረሰ ግራውን ይዳብሳል። እናቱ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ "አንተ ልጅ፣ ክንድህን ማንም አይሰርቅህም፤ ይልቅ ብላ!" ይሉታል። ከእናንተም መካከል አሁን ክንዱን የዳበሰ ልጅ አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲሪርሳ፣ የአጎቱ ልጅ ዱርሲቱና የባለሱቁ ልጅ ዛኪር በዛኪር ቤት በረንዳ ላይ ተሰብስበው ይጫወታሉ። ጨዋታቸው ኳስ አይደለም፤ የስልክ ጌምም አይደለም። በአፍ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። መሪው ማቲ የሚባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ማቲ ዓይኑ አያይም፤ ታሪክ ሲናገር ግን ሰሚው ሁሉ የሌለውን ያያል። "ከፊታችሁ ወንዝ አለ፤ ድልድዩ ተሰብሯል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላቸዋል። እነሱም ተማክረው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ከዚያ ነጥቦቹ በጣት የሚዳሰሱ የእንጨት ዳይስ ይወረውራሉ። ማቲ ዳስሶት "ተሳክቶልሃል" ወይም "አልሆነልህም" ይላል።

እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሚና አለው። ዲሪርሳ ጦረኛ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል! ዛኪር ወጌሻ ነው፤ የተጎዳውን ያሻል፣ የተሰበረውን ያስራል። መጀመሪያ አስማተኛ ነበር። አንድ ቀን ግን ወይዘሮ ጥሩዬ በበረንዳው በኩል ሲያልፉ "አስማት" የሚል ቃል ጆሯቸው ገባ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዛኪር ወጌሻ ሆነ።

ዱርሲቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእሷ ሚና ሰብሳቢ ይባላል። ሰብሳቢ ውጊያ አይሆንላትም። አንድ ጊዜ ሞክራ ከአውራ ዶሮ ጋር ገጠመች፤ ዶሮው አሸነፈ። ሥራዋ ሌላ ነው። የተደበቀ ታገኛለች፣ የተቆለፈ ትከፍታለች፣ ከነጋዴ ጋር ዕቃ ትለዋወጣለች። ማቲ "ባዶ ቤት ገባችሁ" ሲል ዲሪርሳ "እንውጣ!" ይላል። ዱርሲቱ ግን ትጠይቃለች።

"አልጋው ሥር ምን አለ?"

"አቧራ።"

"ከአቧራው ሥርስ?"

"የወርቅ ቀለበት" ይላል ማቲ እየሳቀ።

እንዲህ እያለች ከረጢቷን ሞላች። ሻማ አለ፣ ፋሻ አለ፣ ገመድ አለ፣ ቀለበት አለ፣ አንድ አሞሌ ጨውም አለ።

ዲሪርሳን ይህ ሁሉ ጥያቄ ያሰለቸዋል። እሱ ጠላት መምታት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛውን ሰውዬ ድምፅ እያስመሰለ፣ "ቆራሌው! አሮጌ ጫማ ያለሽ! የተሰነጠቀ ባልዲ ያለሽ!" ይላታል። መጀመሪያ ዱርሲቱም ትስቅ ነበር። በኋላ ግን መሳቅ አቆመች። ዲሪርሳ መቼ እንዳቆመች አላየም።

አንድ ቀን ማቲ ትልቅ ወሬ ይዞ መጣ። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች በዚህ ጨዋታ ሊወዳደሩ ነው! እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ልጆች ያሰልፋል። ማቲ ጨዋታውን ይመራል፤ ለማንም አያዳላም፤ ዋሻው ውስጥ የሚገጥመውን ነገር ግን ለየቡድኑ ይቀያይራል። በአጭር ጊዜ ከጨለማው ዋሻ ሦስቱም በሰላም የወጡለት ቡድን ያሸንፋል። ሽልማቱ ምን መሰላችሁ? መናገሻ ጫካ ውስጥ በድንኳን ማደር! ዲሪርሳ መናገሻን በመኪና አልፎት ያውቃል፤ ድንኳን ውስጥ ግን ተኝቶ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተው።

ያን ጊዜ ነው እውነቱ የመጣው። እውነቱ የሰፈሩ ትልቅ ልጅ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ስሙን እመኑ፤ ምክሩን ግን አትመኑ።

"ስማ" አለው ዲሪርሳን። "ዶሮ ያሸነፋትን ልጅ ይዘህ ነው ውድድር የምትገባው?"

"እና ምን ላድርግ?"

"በእሷ ቦታ እኔን አስገባኝ። ሁለት ጦረኛ! ማን ይችለናል?"

የዲሪርሳ ልቡ "ተው" አለው። ሰምቶታል። ግን ድንኳኑ በዓይኑ ዞረበት። ሄዶ ዱርሲቱን ከከብቶቹ በረት አጠገብ አገኛት።

"ዱርሲቱ፣ ታውቂያለሽ… ከአሥር ዓመት በታች አይቻልም ተብሏል።"

"ማን አለ?"

"እነሱ።"

"እነሱ እነማን ናቸው?"

"እነሱ ናቸዋ!"

ልጆች፣ ሰው ውሸት ሲጀምር "እነሱ" የሚባሉ ሰዎች ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም።

 "እሺ፤ ከረጢቴን ግን ይዛችሁ ግቡ፤ ይጠቅማችኋል" አለችው ዱርሲቱ። ዲሪርሳ ዓይኗን ሳያይ ከረጢቱን ተቀበለ። 

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማቲ ዱርሲቱ የት እንደሄደች ጠየቀ። "አልፈልግም ብላለች" አለ ዲሪርሳ። ሁለተኛ ውሸት። ከዚያ በጨዋታው ውስጥ ካለው ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደና በከረጢቱ ዕቃ በሙሉ ከሁሉ የረዘመውን ሰይፍ ልግዛ አለ።

"ሻማውንም ትሰጣለህ?" አለ ማቲ።

"ሰይፉ ያብረቀርቃል፤ ይበቃናል!"

"ጨዉንም?"

"ወጥ አንሠራም!"

"ፋሻዬንስ?" አለ ዛኪር ቀስ ብሎ።

"ማን ሊመታን ነው ፋሻ የምትፈልገው?"

የዚያን ዕለት ዲሪርሳ ሲጸልይ፣ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሳል ያዘው። ቦታው እስኪያልፍ ድረስ ሳለ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ውድድሩ የሚካሄድበት አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። መጀመሪያ የገቡት ቡራዩዎች ናቸው። ሦስቱም ጦረኞች ነበሩ። ዋሻው አፍ ላይ ቆመው "እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም" ሲባባሉ ሰዓታቸው አለቀ። ዋሻውን ሳያዩ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ቀጥሎ ሱሉልታዎች ተጠሩ። ከመካከላቸው አንዷ በጣም ትንሽ ስለሆነች ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም።

"ስምሽ ማነው? ሚናሽስ?" አለ ማቲ።

"ሚንሃ። ሰብሳቢ ነኝ።"

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ስምንት!"

ዲሪርሳ ክው አለ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ዱርሲቱ ከወይዘሮ ጥሩዬ ጎን ተቀምጣ ቆሎ ትበላ ነበር። እጇ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆሟል። ዓይኗ ዲሪርሳ ላይ ነው።  ዲሪርሳ አፈረ፤ እስከ ጆሮው ድረስ አፈረ። ቢሆንም አልተናገረም። "ካሸነፍን በኋላ እነግራታለሁ" አለ በልቡ።

ሱሉልታዎች ሻማቸውን አብርተው፣ በገመዳቸው ገደሉን ወርደው፣ በጥድፊያ ወጡ። ተራው የሰበታ ሆነ።

"ዋሻው ዘንድ ደረሳችሁ" አለ ማቲ። "መግቢያው ጠባብና ጠማማ ነው።"

"ገባሁ!" አለ ዲሪርሳ።

"አንተ ገብተሃል። ሰይፉ አልገባም።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

"አግድም ባደርገውስ?"

"ግድግዳው ይዞታል።"

"ቀና ባደርገውስ?"

"ጣሪያው ይዞታል። እዚያው ደጅ ትተኸው ግባ።"

ዲሪርሳ ባዶ እጁን ገባ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሻማ የለም። እውነቱ አጭር ጩቤውን መዝዞ ፊት ፊት ሄደ።

"አንድ ነገር ነካኝ!" አለ እውነቱ።

"ምታው!" አለ ዲሪርሳ።

እውነቱ ዳይሱን ወረወረ። ማቲ ዳሰሰው። "እንዴት ያለ ምት ነው! ዲሪርሳን ትከሻው ላይ መታኸው።"

"እኔ አስረዋለሁ!" አለ ዛኪር ብድግ ብሎ።

"በምን?"

"በፋ…" ዛኪር ዲሪርሳን አየው። "በእጄ ይዤው እሄዳለሁ።"

እንዲህ እየተደነባበሩ መውጫው ጋ ደረሱ። መውጫው ላይ ግን አንድ ትልቅ ኮርማ ተጋድሟል። "ቆዳው ብረት ነው" አለ ማቲ። "ጩቤ አይበሳውም። እናንተን አያይም፤ ድንጋዩን ይልሳል፣ ይልሳል።"

እውነቱ ቢወጋ ቢወጋ ምንም አልሆነም። ዲሪርሳ ግን የገበሬ ልጅ ነው። የአባቱ ከብቶች የበረቱን ግድግዳ ሲልሱ አይቷል።

"ጨው አምሮታል!" ብሎ ጮኸ።

"ጎበዝ። ጨው አላችሁ?"



"ወጥ አንሠራም ብለህ ነበር" አለ ዛኪር።

ማቲ ቀጠለ። "ከወጣ ቡድን ጋር መለዋወጥ ይፈቀዳል። ሱሉልታዎች አንድ አሞሌ ተርፏቸዋል። በውድድሩ ላይ የሚለዋወጠው ግን ሰብሳቢ ብቻ ነው። ከፈለጋችሁ አንድ ልጅ መቀየር ትችላላችሁ። ዱርሲቱ ዛሬ ለምን ቀረች?"

"አሟ…" አለ ዲሪርሳ።

ቃሉን አልጨረሰም። "የታመመችው" ልጅ ቆሎዋን ይዛ ፊት ለፊት እያየችው ነው። ሦስተኛው ውሸት ምላሱ ላይ ቀረ።

ዲሪርሳ ተነሳ። 

"አልታመመችም" አለ። "ዋሽቼ ነው ያስቀረኋት። ዕድሜ የሚባል ሕግ የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ለማቲም 'አልፈልግም ብላለች' ያልኩት ውሸት ነው። ከረጢቷን አምና ሰጠችኝ፤ እኔ ሸጬ ሰይፍ ገዛሁበት።"

 ወይዘሮ ጥሩዬ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እውነቱ ሳይጠየቅ ከወንበሩ ተነስቶ፣ "እኔም መክሬዋለሁ" አለና ጥግ ሄዶ ቆመ።

"ማሎ፣ እባክሽ ነይልን" አለ ዲሪርሳ።

"ማንን ነው የምትጠራው?" አለች ዱርሲቱ።

"አንቺን።"

"እኔ ማን ነኝ? ቆራሌው?"

ዲሪርሳ እንባው መጣ። "ዱርሲቱ" አላት። "ዱርሲቱ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።"

ዱርሲቱ ትንሽ አሰበች። ቆሎዋን አንድም ፍሬ ሳትጥል ኪሷ ከተተችና መጥታ የእውነቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ምን ቀረን?"

"ሰይፉ ብቻ። ደጅ ነው ያለው።"

ዱርሲቱ ወደ ሚንሃ ዞረች። "ሰይፍ በአሞሌ።"

ሚንሃ የሱቅ ልጅ ናት፤ ገበያ ታውቃለች። ፊቷን ኮሶ አስመሰለች። "ይህን የሚያክል ሰይፍ ምን ያደርግልኛል? በበር አይገባ!"

"ደጅ ታቆሚውና ልብስ ታሰጪበታለሽ።"

"እርጥብ ብርድ ልብስ ይችላል?"

"ሁለት ይችላል።"

"ሰይፌን?" አለ ዲሪርሳ። "ለልብስ ማስጫ?"

"ዝም በል!" አሉት ዱርሲቱ፣ ሚንሃና ዛኪር በአንድ ድምፅ።

ሚንሃ አሞሌውን ሰጠች። ኮርማው ጨዉን እየላሰ ዘወር አለላቸው፤ ሦስቱም በሰላም ወጡ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሰዓቱ ግን ብዙ ሄዶ ነበር። ያሸነፉት ሱሉልታዎች ናቸው። ልክ ነው፤ ይገባቸዋል።

ሚንሃ ሮጣ መጥታ ዱርሲቱን እቅፍ አደረገቻት። "ድንኳናችን ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ አለ። ነይ አብረሽን" አለቻት። ዲሪርሳን ማንም አልጠራውም።

የጉዞው ቀን ጠዋት ዲሪርሳ የዱርሲቱን ቦርሳ ተሸክሞ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኛት። እናቱም አብረው ነበሩ። አላኮረፈም ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። አኩርፎ ነበር፤ ያኮረፈው ግን በራሱ ነው። ሚኒባሱ አጠገብ ከባድ የድንኳን ጥቅሎች ተከምረዋል። የጉዞው መሪ ኦቦ ቢቂላ ወገባቸውን ይዘው ያዩዋቸዋል።

"ኦቦ ቢቂላ" አለች ዱርሲቱ፣ "ከመኪና ስንወርድ ይህን ሁሉ ወደ ጫካው የሚሸከመው ማነው?"

"እኔው ነኛ፣ ልጄ።"

"ወገብዎን አያምዎትም?"

"እሱስ በጣም ያመኛል!"

"ክንዱ ጠንካራ የሆነ ልጅ አውቃለሁ። የሚቀመጥበት ቦታ ይኖርዎታል?"

ኦቦ ቢቂላ ወደ ውስጥ አዩ። "ከድንኳኖቹ ጋር ከኋላ ከታጨቀ ይሆናል።"

"ኮቱ!" ብላ ጠራችው ዱርሲቱ። "ና ግባ!"

ዲሪርሳ እናቱን አየ። "ሂድ" አሉት ወይዘሮ ጥሩዬ። "ግን ተሸክመህ ነው፤ እንዳትኮራበት!"

ያን ቀን ዲሪርሳ ድንኳን ተሸከመ፣ ውኃ ቀዳ፣ እንጨት ለቀመ። ማንንም ሳይመታ ዋለ፤ እንደዚያ ቀን ግን ተደስቶ አያውቅም። ሲመሽ ከዱርሲቱ አጠገብ ተቀመጠ።

"ያን ያህል ዋሽቼሽ ለምን ጠራሽኝ?" አላት።

ዱርሲቱ ትከሻዋን ነቀነቀች። "እኔ የወደቀ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም" አለችው።

ልጆች፣ ለውጊያ ደካማ የሆነ ሰው ለሁላችሁም የሚያስፈልገውን ይዞላችሁ ይሆናልና ማንንም አትናቁ፤ የበደላችሁትንም ሰው በስሙ ጠርታችሁ ይቅርታ ጠይቁት።