ጉለሌ ሜዳ ላይ የተሰበረ ድምፅ

አሥር አለቃ ኡርጌሳ በአግዳሚዎቹ መካከል ጎንበስ ብሎ ሲመጣ ቆቡ ላይ የተጠራቀመው ውሃ የወይዘሮ ንግሥት ጭን ላይ ተንጠባጠበ።

«ይቅርታ እመቤቴ» አለና ወደ ባለቤቷ ጆሮ ተጠጋ። «ሻምበል፣ ከመድረኩ ኋላ ይፈለጋሉ። አቶ ገለታ ሞቷል።»

«ወድቆ?»

«ታንቆ።»

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል መሸሻ ጃንጥላውን ለሚስቱ ሰጥቶ ተነሳ። የዕረፍት ቀኑ ነበር። እሱና ንግሥት ክረምት በመጣ ቁጥር ሙዚቃ የሚሰሙት መሀል ከተማ በሚገኝ አዳራሽ፣ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። በዚህ ዓመት፣ በነሐሴ 1963 ዓ.ም.፣ አቶ ገለታ የሚባለው የሙዚቃ ድግስ አዘጋጅ «ለየት ያለ የክረምት የሙዚቃ በዓል» ብሎ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጉለሌ ውስጥ ባለ ሜዳ ላይ ድንኳን ተከለ። ጊታርና ማሲንቆ ባንድ መድረክ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ዘነበም አልዘነበ። በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ «ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ጃንጥላ ያዙ፣ ምሳችሁን ቋጥሩ» ይል ነበር። ማስታወቂያውን እንደ ቀልድ ያዩት የከተማ ወይዛዝርት አሁን ባለ ተረከዝ ጫማቸውን ጭቃው ውስጥ ተክለው በስቶኪንግ ቆመዋል። ከሸጎሌ በኩል የመጡት ደግሞ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዝናቡን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ይጨፍራሉ። «እስቲ ዘንድሮ ሌላ እንሞክር» ብላ የወተወተችው ንግሥት ናት።

«አዳራሹ ሳይሻለን አይቀርም» አለች ሲነሳ እያየችው።

«አዳራሽም ቢሆን ሰው ይሞትበታል» አለ መሸሻ።

ከመድረኩ ኋላ ያለው ግቢ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። መግቢያው አንድ ነው፤ እዚያም ላይ ከጠዋት ጀምሮ የቆመው ኡርጌሳ ነው። ገለታ በትንሿ ድንኳን ውስጥ፣ በሸራ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሟል። አጠገቡ የአረቄ ብርጭቆ ተገልብጧል። ወፍራም አንገቱ ላይ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ተጠምጥሟል።

«የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል» አለ ኡርጌሳ። «የዘፋኟ የውባለም ነው። ጠዋት ከሱ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰምተናል። ደግሞ ድምጿን እርስዎም ሰምተዋል፤ አሁን ስትዘፍን ሁለት ጊዜ ተሰበረ። ሰው ገድሎ ወጥቶ መዝፈን እንዲህ ቀላል መሰላት?»

«ገለታን በሕይወት ያየው የመጨረሻ ሰው ማን ነው?»

«ሕዝቡ በሙሉ። የነለሜሳን የጊታር ጓድ ራሱ አስተዋወቀና ሊያርፍ ገባ። ጊታሮቹ ሲጨርሱ በፊት ለፊት ወርደው ሕዝቡ መሀል ገቡ፤ ውባለም፣ ማሲንቆ መቺው ብርሃኔና ከበሮ መቺው ነገራ ወጡ። ያን ጊዜ እዚህ ግቢ ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም። እነሱ ሲጨርሱ ልቀሰቅሰው ብገባ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«እንግዲያው የታነቀው ጊታሮቹ ሲጫወቱ ነው።»

መሸሻ ነጠላውን በጥንቃቄ ፈታው። የገዳዩ እጆች ጨብጠውት የነበሩት ሁለት ቦታዎች ተጨማደው ጠንክረዋል። በጣቱ ሲነካው ጣቱ ተጣበቀ፤ ነጭ ትቢያ የመሰለ ነገር ቀረበት። አሸተተውና ነጠላውን አጥፎ ያዘ።

ከዚያ ወደ መድረኩ ወጣ። ሰማዩ ስለ ጠቆረ በቀን የበሩት ትላልቅ ፓውዛዎች ከላይ እንደ ምድጃ ይጋረፋሉ። ብርሃኔ ተቀምጦበት የነበረው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጥቂት ቆየ። የራሰው ኮቱ መጭስ ጀመረ። ከታች ያለው ሕዝብ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ «ገዳይዋን አውጡልን!» ይላል።

«በሩን ያዙ፤ ማንም እንዳይወጣ» አለ ለኡርጌሳ። «እሷንም ማንም እንዳይነካት።»

ምርመራውን የጀመረው ግቢው ውስጥ እሳት በተያያዘበት የቆርቆሮ ዳስ ነው። መጀመሪያ የገባው ጊታሪስቱ ለሜሳ ነበር፤ ፀጉሩ ጎፈሬ፣ የሰፊ ሱሪው ጫፍ ጭቃ በጭቃ።

«እኔን እንኳ ይተዉኝ፤ ይኼ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ ስጫወት ነበር» አለ። «ልግደለው ብልም በጊታር ነበር የምለው። ነጠላ ምን ያደርግልኛል?»

«ማን ይጠላው ነበር?»

«ማን ይወደው ነበር ቢሉኝ ይቀለኛል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያለፈው ክረምት ለድግስ ስንሄድ ወንዝ ሞላ። ሾፌሩ አልሻገርም ሲል ገለታ ተቆጥቶ አስገባው። መኪናው ተገለበጠ። የጋሽ ብርሃኔ ልጅ ስብሐት ሰጠመ፤ እስክስታ የሚወርድልን እሱ ነበር። ገለታ ፍርድ ቤት ቀርቦ ‹ልጁ ሰክሮ ራሱ ዘሎ ገባ› አለ። ውባለምም መሰከረችለት።»

«እውነት ነበር?»

«እ... ማለቴ፣ እኔ ኋላ በቀረው መኪና ላይ ነበርኩ» አለ ለሜሳ ጭቃውን እያየ።

ነገራ ከበሮውን እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ።

«እዚህ እሳት ዳር ምን ታደርጋላችሁ?» አለው መሸሻ።

«ቆዳ እናሞቃለና! ክረምት የቆዳ ጠላት ነው ጌታዬ። እሳት ካላየ የምመታው ከበሮ ሳይሆን እርጥብ ጆንያ ነው የሚሆነው።»

«ሞቆ ከወጣ በኋላስ?»

«መድረክ ላይ ቀስ እያለ ይረግባል።»

«እየተወጠረ አይሄድም?»

«እሳት ጠግቦ ወጥቶ? ከዚያ ወዲያ ወዴት ይወጠራል! እርጥቡን ይዞ የወጣ እንደሆነ ነው ሙቀት ሲያገኝ የሚወጠረው።»

«ብርሃኔ አብሮህ ነበር?»

«አብረን ገባን። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ከበሮዬን አገላብጣለሁ፤ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ደግሞ ዓይኔን ድራሹን አጥፍቶታል። ተራችን ደርሶ ስጣራ ከኋላዬ ‹አቤት› አለኝ።»

«ጆሮው እንዴት ነው?»

ነገራ ሳቀ። «የጋሽ ብርሃኔ? ዝንብ ክሩ ላይ ብታርፍ ስንት እግር እንዳላት ይነግሩዎታል። መቃኛውን እየመቱ ነው የሚያዞሩት፤ ዘፋኙ እንኳ አያውቅባቸውም።»

ውባለም ስትገባ የውጭው ጩኸት ተከትሏት ገባ። ኩሏ ፈሶ ጉንጯ ላይ ደርሷል።

«ይሰቅሉኛል ሻምበል?»

«ገዳዩን ካላገኘሁ ነጠላሽ ይመሰክርብሻል። ከገለታ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«ከዝናቡ ወጥቼ አዳራሽ ውስጥ ልዝፈን ስላልኩት ነው። ነጠላዬን ልብስ መቀየሪያው ድንኳን ውስጥ ሰቅዬው ነበር። ስመለስ የለም።»

«ድምፅሽ ለምን ተሰበረ?»

«ማሲንቆው ሸሸኝ። በለመድኩት ድምፅ ጀመርን፤ ከዚያ ክሩ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄደ። ተከተልኩት። እላይ ስደርስ ጉሮሮዬ አልበቃ አለ። ቃኘው ለማለት ዞር ስል ያየኛል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ታርዶ የሚንፈራገጥ በግ እንደሚያይ ሰው።»

«ለምን?» ቢላት ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች።

ብርሃኔ በመጨረሻ ገባ። ጢሙ የሸበተ ነው፤ ረጅም ካፖርት ለብሷል፤ ማሲንቆው ብብቱ ሥር ነው።

«ጊታሮቹ ሲጫወቱ የት ነበሩ አባቴ?»

«እዚሁ። ማሲንቆዬን ሳሞቅ።»

«ለሰው ሰጥተውት፣ ወይ ጥለውት ዞር አላሉም?»

«አዝማሪ ማሲንቆውን ለማን ይሰጣል? ሚስትን እንኳ በአደራ ይሰጧታል። ከብብቴ አልወጣም።»

«ገለታን ይጠሉት ነበር?»

«እንኳን ሞተ። በእጄ ብቀብረው በወደድኩ፤ እግዜር ቀደመኝ።»

«እግዜር በነጠላ አያንቅም። የውባለምን ነጠላ ነክተውት ያውቃሉ? ሲወድቅ አንሥተው፣ ወይ አቀብለዋት?»

«የሷን ነጠላ?» ሽማግሌው እሳቱ ላይ እንትፍ አለ። «ጥላዋን እንኳ አልረግጥም!»

መሸሻ ራሱን ነቀነቀና ሁሉንም ወደ ዳሱ አስጠራ። ለሜሳ በር ላይ ተደገፈ፤ ነገራ ከበሮው ላይ ተቀመጠ፤ ውባለም ጥግ ቆመች። ብርሃኔ እሳቱ አጠገብ እንዳለ ነው። ኡርጌሳ የእጅ ሰንሰለት ይዞ ዘፋኟ አጠገብ ቆመ።

«ገለታ የሞተው ጊታሮቹ ሲጫወቱ ነው» አለ መሸሻ። «ለሜሳና ጓደኞቹ ሕዝብ ፊት ነበሩ፤ እነሱ ከጥርጣሬ ወጡ። የቀራችሁት ሦስት ናችሁ።»

«ነጠላው የሷ ነው» አለ ኡርጌሳ።

«የሷ ነው። ግን ገለታን ያነቀው እጅ ነጠላው ላይ የሚያጣብቅ ነገር ትቷል። አባቴ፣ ደጋንዎን ያውሱኝ።»

ብርሃኔ አላቀበለውም። መሸሻ ራሱ ወሰደና የማሲንቆውን መምቻ ጭራ በጣቱ ሳበው። ነጩን ትቢያ ለሁሉም አሳየ፤ ቀጥሎም ነጠላውን ዘርግቶ የተጨማደዱትን ሁለት ቦታዎች አሳየ። «ጭራው ክሩን እንዲይዝ የሚታሸው እጣን ነው። ነገራ እጣን አይነካም፤ ውባለምም አትነካም። እርስዎ ደግሞ ነጠላውን ነክቼው አላውቅም ብለውኛል።»

«እጣን በየቤቱ አለ» አለ ብርሃኔ በእርጋታ።

«አለ። ስለዚህ በሱ ብቻ አልፈርድም። ነገራ፣ ከበሮህ ዛሬ እንዴት ነበር?»

«እንደ ደወል!»

«እኔም ሰምቼዋለሁ። እሳት ዳር የነበረ ሰው ከበሮ ነው። ማሲንቆው ግን ከመድረኩ መብራት ሥር ቆዳው እየተወጠረ፣ ክሩ እየከረረ ድምፁ ወደ ላይ ወጣ። አንተው እንዳልከኝ፣ ሞቆ የወጣ ቆዳ ይረግባል፤ እየተወጠረ የሚሄደው እርጥቡ ነው። ስለዚህ ያ ማሲንቆ እሳት አላየም። ዝናብ ውስጥ ነበር። ከባለቤቱ ብብት ደግሞ አልወጣም፤ ራሱ ነግሮኛል። ማሲንቆው ዝናብ ውስጥ ከነበረ ብርሃኔም ዝናብ ውስጥ ነበር።»

ነገራ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ጋሼ... ኋላዬ ያሉ መስሎኝ...»

«ሌላም አለ» አለ መሸሻ። «ዝንብ ስታርፍ የሚሰማ ጆሮ ክሩ ሲከር አልሰማም? መቃኛውን እየመቱ ማዞር ለርስዎ ምንም አይደለም፤ ግን አላዞሩም። ድምጿ ሕዝብ ፊት እንዲሰበር ፈለጉ። ያን ጊዜ የገለታን መሞት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሷ የፈራች፣ የደነገጠች መምሰሏ የሚጠቅመው ሬሳው ድንኳን ውስጥ እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ነጠላዋን ከሰቀለችበት የወሰዱትም ለዚሁ ነው። ገለታን በእጅዎ፣ እሷን በሕግ እጅ። ባንድ ነጠላ ሁለት ሰው።»

ብርሃኔ ማሲንቆውን ከብብቱ አወጣና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው፣ ለነገራ፣ ሰጠው።

«ተኝቶ ነበር» አለ። «ቀስቅሼ ‹ስብሐት ነው የላከኝ› ነው ያልኩት። ሳያውቅ እንዳይሞት ብዬ። አወቀኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።»

«እኔንስ?» አለች ውባለም። «እኔ ምን...»

«አንቺ!» ዞረባት። «እሱ ልጄን አንድ ጊዜ ገደለው። አንቺ በየቀኑ ገደልሽው። እናቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ‹የሰካራሙ እናት› እያሏት፣ ማኅበሯን ትታ፣ ቤት ዘግታ ሞተች። ልጄ ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበር። ዳኛው ፊት ቆመሽ ምን አልሽ? ንገሪያቸው ምን እንዳልሽ!»

ውባለም ግድግዳውን ይዛ ተንሸራታ ተቀመጠች።

«አሥር አለቃ፣ ሰንሰለቱን ለሳቸው» አለ መሸሻ። «ውባለም፣ ከዚህ ግድያ ነፃ ነሽ። በግቢው በር ወጥተሽ መሄድ ትችያለሽ፤ ሕዝቡን እኔ አስረዳለሁ።»

አልተነሳችም። «ስብሐት አልጠጣም ነበር» አለች፣ ለብቻዋ እንደምታወራ። «እኔን አውጥቶ ነው። ሾፌሩን ሊያወጣ ተመለሰ፤ በዚያው ቀረ። ገለታ ‹እንዲህ ካላልሽ ዳግመኛ መድረክ አታዪም› አለኝ።»

«ለኔ አትንገሪኝ» አለ ብርሃኔ። «እኔ ሳይነገረኝም አውቃለሁ።» በታሰሩ እጆቹ ወደ ሜዳው፣ ወደ ጩኸቱ አመለከተ።

«በሐሰት መመስከር ያስቀጣል» አላት መሸሻ። «ሳላስጠነቅቅሽ እንዳትወጪ።»

ውባለም ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ወጣች። ለሜሳ መንገድ ለቀቀላት። ሕዝቡ መድረኩ ላይ ሲያያት አንዴ ጮኸ፤ ማይክራፎኑን ስትይዝ ግን ምን ልትል ነው ብሎ ዝም አለ።

«ስሜ ውባለም ነው» አለች። «ያለፈው ክረምት የሞተው ስብሐት ብርሃኔ ሰካራም አልነበረም። እኔን ከውሃ አውጥቶ፣ ሌላ ሰው ሊያወጣ ገብቶ ነው የሞተው። ሰክሯል ብዬ የማልኩት ዋሽቼ ነው። ዋሽቼ ነው።»

ድምጿ አንድም ቦታ አልተሰበረም። በድምፅ ማጉያዎቹ እየተስተጋባ ከሜዳው አልፎ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ። ነገራ ማሲንቆውን እንዳቀፈ አለቀሰ።

መሸሻ ሽማግሌውን አየው። ፊቱ ላይ እፎይታ ፈለገ፤ አላገኘም። ብርሃኔ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እንደ ባለሙያ እስከ መጨረሻው ቃል አዳመጠ።

«ጥሩ ድምፅ አላት» አለ በመጨረሻ። «ፍርድ ቤትም እንዲሁ ጥርት አድርጋ ነበር የተናገረችው።»